ለአንድ ጣሳ አንድ ዓረፍተ ነገር

ቃል እወዳለሁ፤ ጥፋቴ ይኸው ነው። ዮግያካርታ ውስጥ በሚታተም ጋዜጣ ላይ የእሑድ ዓምድ አለችኝ። ቴምፔ ስለሚባለው የአኩሪ አተር ጥብስ ጻፍ ቢሉኝ የምጀምረው ከአተሩ ቅድመ አያት ነው። አዘጋጁ ፓክ ሃርዮኖ ሦስት ዓመት ጽሑፌን ሲቆርጡልኝ ኖረው መቀሳቸው ሰለቸው። ዓርብ እስከ ቀትር በመቶ ቃል ያለቀ ጽሑፍ ካላመጣሁ ዓምዷ ለሌላ ሰው እንደምትሰጥ ነገሩኝ። እኔ በመቶ ቃል ሰላምታም አልጨርስ።

ሰኞ የጻፍኩት ዘጠኝ መቶ ቃል ወጣው። ረቡዕ ቆረጥኩት፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሆነ።

ጭንቅላቴ የሚከፈተው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። የምኖረው ደግሞ ቡ ዋርሲህ፣ እማማ ዋርሲህ እንደ ማለት፣ በሚያከራዩት ቤት ነው፤ ለስምንት ተከራይና ለእሳቸው አንድ መታጠቢያ ቤት፣ አንድ የውሃ ገንዳ፣ አንዲት ቀይ የፕላስቲክ ጣሳ። ወረፋ የሚያዘው በር ላይ ባለው ገመድ ፎጣ በመስቀል ነው። የአከራያችን ሕግ ጥብቅ ነው፦ የገባ ሰው ውሃ ሲያፈስ መሰማት አለበት። የጣሳው ድምፅ ከጠፋ ውጭ ያለው እስከ ሠላሳ ቆጥሮ በሩን ይደበድባል። ለሌላ ጉዳይ የተቀመጠ ሰው እንኳ በየመሀሉ አንድ ጣሳ ደፍቶ በሕይወት መኖሩን ያስታውቃል። መጻፍ ግን ድምፅ የለውም።

ዓርብ ጠዋት ተራዬ ሲደርስ እርሳስ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ገባሁ። ወረቀት ይርሳል ብዬ የሳሙና ካርቶን ቀደድኩ። ጎንበስ እንዳልኩ በሩ ተደበደበ። የሕግ ተማሪው ቴጋር ነው፤ ፈተና አለበት።

«ማስ ጋሊህ፣ ሞተሃል ወይስ እያሰብክ ነው?»

«እየታጠብኩ ነው።»

«ታዲያ ውሃው የት ሄደ? ጠጣኸው?»

ወለል ላይ ደፍቼ እንዳላታልል፣ የዚህ ቤት ሰው ገላ ላይ የፈሰሰን ውሃ በድምፁ ይለያል። በግራ እጄ አንድ ጣሳ አናቴ ላይ ቸለስኩ፤ በረዶ ነው። በቀኝ እጄ ስለ ቀይዋ ጣሳ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ሠላሳ ሳይሞላ ሌላ ጣሳ፣ ውጭ ቆሞ ስለሚቆጥረው ሰው ሌላ ዓረፍተ ነገር። እያንዳንዱ ትርፍ ቃል ቅዝቃዜውን ይዞ እንደሚመጣ ሲገባኝ ማሰናበት ጀመርኩ። «እጅግ»ን የሸኘሁት ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነው። «በመሠረቱ» ብሎ የሚጀምር ጸሐፊ ቀዝቃዛ ውሃ ነክቶት አያውቅም።

በአሥራ አራተኛው ጣሳ ካርቶኑ ሞላ። ስወጣ ቴጋር የጠቆረ ከንፈሬን አይቶ ፎጣውን ደረበልኝ።

ፓክ ሃርዮኖ እርጥቡን ካርቶን አገላብጠው ቀሪው የት እንዳለ ጠየቁኝ። የለም አልኩ። በእስክሪብቶ ጫፍ ቆጠሩ፤ ዘጠና ስምንት። አላመኑም፣ ደገሙት። ከዚያ እስክሪብቶውን ከደኑና አንድ ፊደል ሳይነኩ ወደ ማተሚያ ቤት ላኩት።

እሑድ ጠዋት ቡ ዋርሲህ ጋዜጣውን ብብታቸው ሥር ይዘው ገቡ። ሁለት ጣሳ ተሰማ፤ ከዚያ ጭጭ። የወረፋው ሰው ተያየ፤ የእሳቸውን በር ደብድቦ የሚያውቅ የለም። ቴጋር በሹክሹክታ ቆጠረ። ሠላሳ አለፈ፣ ሃምሳ አለፈ፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አንኳኳሁ።

«ቡ፣ ደኅና ነዎት?»

ከውስጥ አፍነው የያዙት ሳቅ አመለጣቸው።

«ተወኝ ልጄ፣ ጨርሼው ነበር። እንደገና እያነበብኩት ነው።»

ፎጣዬን ከገመዱ ፊት አንስቼ መጨረሻ ላይ ሰቀልኩት። የፈለጉትን ያህል ይቆዩ።