ኮሶ የጠጣው ኮራል

ሮማነወርቅ ጠዋት ስትነሳ ፊቷን ሳትታጠብ፣ ጸሎቷንም በወጉ ሳትጨርስ የምትሄደው ወደ መስታወቱ ሣጥን ነበር። በአሰበ ተፈሪ ከተማ ባሕርን ቤቷ ያስቀመጠች ሴት እሷ ብቻ ነች። ሣጥኑን የሠራው አንድ ልጇ ነጋሽ ነው። ባሕር ኃይል ገብቶ አሰብ ሳለ ለዕረፍት ሲመጣ የመስኮት መስታወት በብረት አስያዘና ይዞት የመጣውን የባሕር ውሃ ሞላበት፤ ከዚያ በባልዲ ተሸክሞ ያመጣውን ኮራል አኖረበት። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ነው፤ ግን ነፍስ አለው። ፀሐይ በመስኮት ስትገባለት ቅርንጫፎቹ ላይ ጥቃቅን አበባ ይፈነዳል፤ ሲመሽ ይከደናል።

"እኛ ለራሳችን የምንበላው አጥተን እሷ ድንጋይ ትቀልባለች!" ብሎ ያልሳቀባት ጎረቤት አልነበረም። እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

ነጋሽ ሊመለስ ሻንጣውን ሲያነሳ እናቱ በሩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰችበት። እሱም ዝም ትበል ብሎ፣ "እማዬ፣ ይሄ አበባውን እስከከፈተ ድረስ እኔም ደህና ነኝ ማለት ነው" አላት። ልጅ እናቱን ለማባበል የማይለው የለም። ሮማነወርቅ ግን ቃሉን እንደ ስለት ይዛ ቀረች። ነጋሽ ብዙም ሳይቆይ ወደ ምጽዋ ተዛወረ። በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት የካቲት ላይ ምጽዋ ተያዘች ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ የነጋሽ ድምፅ ጠፋ።

ድምፁ ሲጠፋ እሷ በድንጋዩ ባሰባት። ኮራል አየር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ልጇ እንዳሳያት የመኪና ጎማ ውስጥ የሚገባውን ከመነዳሪ በብስክሌት መንፊያ ትነፋና አየሩን በጉሉኮስ ቱቦ ቀስ እያለ ውሃው ውስጥ ትለቅለታለች። የአሰበ ተፈሪ ብርድ አይስማማውም፤ ስለዚህ ሲመሽ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልታ ሣጥኑ ውስጥ ታንጠለጥላለች። ባሏ በለጠ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ጅቡቲ በደረሰ ቁጥር የባሕር ውሃ በጀሪካን ቀድቶ እስከ ሚኤሶ በባቡር፣ ከሚኤሶ ወዲህ ባገኘው መኪና ያመጣላታል። ሌላ ጊዜ አንድ ባልዲ ውሃ ከቦኖ አምጣ ቢሉት ወገቤን የሚል ሰው፣ በዚህ ነገር አንድ ቀን አጉረምርሞ አያውቅም።

የሳቁት ጎረቤቶችም ጠባያቸው ተለወጠ። "ከነጋሽ ምን ሰማሽ?" የሚላት ጠፋ። የሚጠይቋት ስለ ድንጋዩ ብቻ ሆነ። አጥር የምትጋራት ጫት ነጋዴዋ ጣሂራ ሳትቀር ጠዋት ጠዋት ብቅ ትልና "ዳጋን አከም ቡሌ? ድንጋዩ እንዴት አደረ?" ትላታለች። "አብቧል" ስትላት "አልሃምዱሊላህ" ብላ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች። ሮማነወርቅ ይህን ከመልካም ጉርብትና ቆጠረችው።

መከራው የመጣው በበለጠ ደግነት ነው። መስከረም ላይ ከጅቡቲ ሲመለስ፣ ሚስቴ ደስ ይበላት ብሎ አረንጓዴ የበቀለበት ትንሽ የባሕር ድንጋይ ጨምሮ አመጣ። ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው፤ አማረላት። ኅዳር ሲገባ ግን በኮራሉ ላይ የዝገት ፍርፋሪ የመሰለ ነገር አየች። ቀረብ ብላ ስታየው ፍርፋሪው ይሄዳል። ትል ነው። እንደ ቅጠል የሳሳ፣ ቀይ፣ አጥንት የሌለው ትል ኮራሉን ለብሶታል። በለበሰው በኩል አበባው አልፈነዳም።

በወረንጦ ለቀመች። በቱቦ መጠጠች። ዛሬ የለቀመችው በማግስቱ እጥፍ ሆኖ ይጠብቃታል። ያንን ትንሽ ድንጋይ አውጥታ ጓሮ ወረወረችው፤ ትሉ ግን ቤት ይዟል። አንዱ ቅርንጫፍ ነጣ፤ ቀጥሎ ሌላው። የነጣውን ባየች ቁጥር ልጇ አንድ ቦታ ቆስሎ የወደቀ ይመስላታል።

"እኛ ጫት ላይ ትል ሲወጣ ምንረጨው መድኃኒት አለ" አለች ጣሂራ፣ ሣጥኑን አጎንብሳ እያየች። "ልስጥሽ እንዴ?"

"መርዝ አይደለም ወይ?"

"ለትል መርዝ ነው። ለሰው... እሱም መርዝ ነው።"

"በልጄ ላይማ መርዝ አልረጭም!"

ጣሂራ "ልጄ" የሚለውን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። "ያ ረቢ" አለችና ወጣች።

ያኔ ነው ኮሶ ትዝ ያላት። ትል ከሆነ ኮሶ! አባቷም እናቷም የጠጡት፣ እሷም ስንቴ አፍንጫዋን ይዛ የጨለጠችው፣ ሰውን ሳይነካ ትሉን ብቻ ጠርጎ የሚያወጣ የአገር መድኃኒት እያለ ስለምን ጨነቃት? ሰው ሆዱ ገብቶ የማይገድለው ድንጋይ ይገድላል? ከገበያ ገዝታ ወቀጠችው፤ በጥብጣ በነጠላ ጨርቅ አጠለለችው፤ በጠዋት "በስመ አብ" ብላ ሣጥኑ ውስጥ አፈሰሰችው።

ሠራ! ትሉ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ከኮራሉ ላይ እየተላቀቀ እንደ ገለባ ረገፈ። ሮማነወርቅ ብቻዋን እልል አለች። "ነጋሽ፣ አይዞህ የኔ ልጅ፣ ሻረልህ!" አለች። ደስታዋ ግን እኩለ ቀን አልደረሰም። የሞተው ትል ሁሉ የገዛ መርዙን ተፍቶ ኖሮ ውሃው ደፈረሰ፤ ደህና የነበሩት ቅርንጫፎች ጭምር ንፍጥ ተፉ። ሽታ መጣ።

ኮሶ የጠጣ ሰው ማሻሪያ ካላገኘ አንጀቱ እንደሚጎዳ የማያውቅ የለም። ድንጋዩም ማሻሪያ ፈለገ፤ ማሻሪያው አዲስ የባሕር ውሃ ነው። ነጋሽ ራሱ "ውስጡ የሞተ ነገር ካለ ቶሎ ውሃውን ቀይሪ" ብሏት ነበር። ጀሪካኖቹን ብታገላብጥ ባዶ ናቸው። በለጠ ደግሞ ለከሰዓት በኋላ ነበር የሚጠበቀው። መኪና በቆመ ቁጥር ወጥታ አየች። የሚኤሶ መንገደኞች "ባቡሩ አልገባም፤ ሐዲዱ ላይ ችግር አለ ይላሉ" አሏት።

ከዚያ ወዲያ ያደረገችው ሁሉ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ከአፋር የመጣ ጨው ገዝታ በጉድጓድ ውሃ አሟሟች፤ የባሕሩን ያህል ጨዋማ መሆኑን በምላሷ እየቀመሰች ጨመረች፣ ቀነሰች። እሱን ስትገለብጥበት ኮራሉ ጭራሽ ተኮማተረ። ከመነዳሪውን እጇ እስኪላጥ ነፋች። ሌሊቱን ሣጥኑን አቅፋ "ማርያም፣ ማርያም" ስትል ነጋባት። ሲነጋ ሥጋው ከድንጋዩ ላይ እንደ በሰበሰ ጨርቅ እየተነሳ ይንሳፈፋል። ሥሩ የነጣ አጥንት ነው።

ፀሐይ ስትወጣ በለጠ ጀሪካኖቹን ተሸክሞ ገባ። ገና ሽታው ሲቀበለው ገባው። ካፖርቱን ጥሎ የደፈረሰውን ውሃ እየጨለፈ ደፋ፤ አዲሱን ሞላ። ውሃው ጠራ። ድንጋዩ ግን ድንጋይ ብቻ ሆኖ ቀረ።

"ገደልኩት" አለች ሮማነወርቅ።

"ሮማኔ፣ ተነሺ ከመሬት።"

"ልጄን ገደልኩት! በገዛ እጄ ኮሶ አጠጥቼ! እሱ የትም ይሁን፣ በሕይወት ነበረ፤ እስከ ትናንት ጠዋት ድረስ ነበረ! እኔ ነኝ የጨረስኩት!" ደረቷን ደቃች፤ ፊቷን ልትቧጭር ስትል እጇን ያዘው።

"ድንጋይ ነው፤ ድንጋይና ሰው ምን አገናኘው?"

"እሱ ነው የነገረኝ! ነጋሽ ነው የነገረኝ!"

በለጠ እጇን እንደያዘ ቆመ። ዝም ቢል ምሥጢሩ ይጠበቅለታል፤ ነገር ግን ይህች ሴት የልጇን ደም በእጇ ይዛ ልትኖር ነው። የፈሩት ይደርሳል። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"አንቺ አልገደልሽውም። ነጋሽ የሞተው የካቲት ነው፤ ምጽዋ፣ መርከቡ ላይ። አብሮት የነበረ ጓደኛው ሚያዝያ ላይ ድሬዳዋ ጣቢያ አግኝቶ ነገረኝ። ድንጋይሽ እሱ ከሞተ በኋላ ክረምቱን ሙሉ ሲያብብ ነበር። በኮሶሽ የሞተ ልጅ የለም፣ ሮማኔ።"

ሮማነወርቅ አላለቀሰችም። የጎረቤቶቹ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ መጣባት፤ ለምን ድንጋዩን ብቻ እንደሚጠይቁ፣ ጣሂራ ለምን ፊቷን እንደምታዞር።

"ሁሉም ያውቃሉ?"

"ያውቃሉ። መርዶው እንዲቆይ የእድሩን ዳኛ፣ አቶ ዳምጤን እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኩ። እሳቸው እንኳ ዘግይቶ የሚነገር መርዶ ሁለት ሞት ነው ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ጠዋት ጠዋት ከሣጥኑ ፊት ስትስቂ እያየሁ እንዴት ልንገርሽ?"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ውሃ ለማን ነበር የምትሸከመው?"

"ላንቺ።"

ከመነዳሪው አየሩ አልቆ ተሟሸሸ። እጇ እንደ ልማዱ ወደ መንፊያው ሄደ፤ መንገድ ላይ ቆመ፤ ተመልሶ ጭኗ ላይ ወደቀ። ቱቦው የመጨረሻዋን አረፋ ለቆ ዝም አለ።

"በሩን ክፈት" አለችው። "አቶ ዳምጤንም ጥራቸው። የልጄ መርዶ በወጉ ይነገረኝ።"

በለጠ በሩን ከፈተ። ጣሂራ የሮማነወርቅን ጩኸት ሰምታ ኖሮ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ በለጠን አየችው፤ እሱም ተነግሯታል በሚል ራሱን ነቀነቀላት። እየሮጠች ገባች። ስለ ድንጋዩ አልጠየቀችም። ሮማነወርቅን ጨው ከደረቀበት ቀሚሷ ጋር አቀፈችና "ነጋሽ ኮ! የኔ ነጋሽ! ነጋሽ ልጄ!" ብላ ጮኸች። ከሚያዝያ ወዲህ በዚያ ቤት የልጁን ስም የጠራች ጎረቤት እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች።