የሻላዎቹ ፎቶ የማን ነው?

ፍሬገነት ሐዋሳ ተወልዳ ስታድግ ሻላና አባ ኮዳ በየቀኑ ታይ ስለነበር ወፍ መሆናቸውን እንኳ ልብ ብላ አታውቅም። ደቡብ አፍሪካ መጥታ ኦሬንጅ ፋርም ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ከፍታ፣ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ዳቦና ኤርታይም፣ የስልክ ሒሳብ፣ ስትሸጥ መዋል ከጀመረች በኋላ ግን በሰማይ የሚያልፍ ክንፍ ሁሉ ያስቀናት ጀመር። ያገለገለ ካሜራ ገዛች። ከዚያ ወዲያ እሑድ ከቸርች ስትወጣ ቀጥታ ወፎች ወደሚውሉበት ረግረግ ነበር የምትሄደው።

የታላቅ እህቷ የአስካለች ባል ምሕረቱም ፎቶ ይወዳል። ጀፕስታውን የጅምላ ሱቅ አለው፤ ባኪ የሚሏት ፒክአፕ መኪናም አለችው። አምና ፀደይ ሲገባ ሦስቱም ከደርባን አልፈው፣ ወንዙ ከባሕር የሚገናኝበት ዳርቻ ወረዱ። ፍሬገነት ጭቃ ላይ በሆዷ ተኝታ ረፋዱን ሁሉ ስትጠብቅ ቆይታ፣ ሁለት ሻላዎች አንድ ዓሣ ሲናጠቁ አነሳች። ማታ ምሕረቱ ፎቶውን ደጋግሞ አየው። ከዚያ፣ «እንዳይጠፋብሽ እኔ ኮምፒውተር ላይ ላስቀምጥልሽ» አላት። አመነችው። የካሜራዋን ካርድም ለሌላ ፎቶ ብላ አጠፋችው።

ቸርቿ የፎቶ ውድድር ባዘጋጀች ጊዜ ሻላዎቹ አዳራሹ መሐል ተሰቅለው አገኘቻቸው። ከሥራቸው «ምሕረቱ» ተብሎ ተጽፏል። አንደኛ ወጥቶ የተሸለመውም ረጅም ሌንስ ነበር።

«ጋሼ ምሕረቱ፣ ይሄ እኮ የኔ ፎቶ ነው» አለችው ሰው ሁሉ እየሰማ።

ሳቀ። «ካሜራዬን ያዢልኝ ብዬ ብሰጣት ፎቶ አንሺ ሆና ቁጭ!»

አዳራሹ አብሮት ሳቀ። ፍሬገነት ወደ እህቷ ዞረች። ፎቶውን ያነሳች ለት የጭቃ ልብሷን ያጠበችላት አስካለች ነበረች። አስካለች መሬት መሬቱን አየች እንጂ ቃል አልተነፈሰችም።

ፍሬገነት ከዚያ ቀን ወዲህ «ጋሼ» ብላ አልጠራችውም። ሌላ ምንም አልተለወጠም። ቤታቸው ትሄዳለች፣ ትበላለች፣ ትስቃለች። ሱቋ ውስጥ ብቻዋን ስትሆን ግን ስለዚያ ባሕር ታነባለች። ውሃው መቼ ሸሽቶ የአሸዋውን ጉብታ እንደሚገልጥ፣ መቼ ተመልሶ እንደሚውጠው አጠናች።

ዘንድሮ ፀደይ ሲመጣ፣ «ወፎቹ ገብተዋል፤ አንሄድም እንዴ?» ያለችው እሷ ነች።

«ቂም የለሽም ማለት ነው?» አላት ምሕረቱ ደስ ብሎት።

«የምን ቂም?»

አስካለችን ማረፊያው ትተዋት ጠዋት ወጡ። ዳርቻው ላይ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ሞተር ጀልባውን ያጸዳል። ፍሬገነት «ሳውቦና፣ ባባ» ብላ በዙሉ ሰላምታ ሰጥታ ጠጋ አለችና እጇን ስታነሳ በጀልባው ሄዶ ምሕረቱን ከጉብታው እንዲያመጣላት ለመነችው። ሽማግሌው እንደ ቀልድ ቆጥሮት እሺ አለ።

«ሻላዎቹ እዚያ ጉብታ ላይ ናቸው» አለችው ምሕረቱን። «ብርሃኑም ከዚያ ወገን ነው።»

«አንቺስ?»

«ለኔ ከዚህም ይበቃኛል።»

ቁርጭምጭሚቱን ብቻ የሚያርሰውን ውሃ ተሻግሮ አሸዋው ላይ ተጋደመ። ዓይኑ ከተሸለመው ሌንስ አልተነቀለም። ውሃው በኋላው ዞሮ መጣ። መጀመሪያ ወፎቹ ተነሱ። እሱ ቀና ሲል የተሻገረበት መንገድ የለም። መዋኘት አይችልም።

«ፍሬ! ፍሬገነት! ሰው ጥሪልኝ!»

ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች። «ፎቶው የማን ነው?»

«ምን?»

«የሻላዎቹ ፎቶ የማን ነው?»

«አሁን የዚህ ጊዜ ነው?» ውሃው ወገቡ ደረሰ። ካሜራውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ይዞታል። ሞገድ ሲመታው ግን ተንገዳገደና ካሜራው ከነሌንሱ ከእጁ ወጣ።

«ያንቺ ነው! ሰረቅሁሽ! ያንቺ ነው!»

«አልሰማሁም!»

ሰምታለች። አሁን እጇን ማንሳት ነበረባት፤ ያሰበችውም እንደዚያ ነበር። እጇ ግን አልነሳ አላት። ውሃው ደረቱ ጋ ሲደርስ እያየች ቆመች፤ የአዳራሹ ሳቅ ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ትንሽ ይቅመስ፣ አለች በልቧ። ትንሽ ደግሞ።

ሽማግሌው ምልክቷን አልጠበቀም። ሞተሩን አስነስቶ በረረ። ምሕረቱን ልብሱን ይዞ ጎትቶ ጀልባው ውስጥ ጣለው። ሲመለስም ፍሬገነትን እባብ እንዳየ ሰው አያት፤ ስታመሰግነው አልመለሰላትም።

በሚቀጥለው እሑድ የቀረጸችውን አዳራሹ ውስጥ በትልቁ ስክሪን አሳየች። ማንም አልሳቀም። ፓስተሩ ራሳቸው ተነስተው የምሕረቱን ስም ከፎቶው ሥር ላጡ። ምሕረቱ ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ እዚያ ቸርች አልታየም።

አስካለች በር ላይ ጠበቀቻት። ዓይኗ አብጧል።

«ቢሞትስ ኖሮ? ልጆቼን ማን ያሳድግልኝ ነበር?»

«ያን ቀን ስቀው ሲያዋርዱኝ ይሄ አፍሽ የት ነበር?»

«ባሌ ነው፣ ፍሬ። ምን ልበል?»

«እውነቱን።»

አስካለች ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ሰዎች ሊያስታርቋቸው ሽማግሌ ቢልኩም ፍሬገነት «ትቅደም፤ እሷ ትምጣ» ብላ መለሰቻቸው። ማታ ግን የምትሰቃየው በእህቷ አይደለም፣ በምሕረቱም አይደለም። ዓይኗን ስትከድን የምታየው ያን ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነው። ሞተሩን ባያስነሳ ኖሮ እጄ ይነሳ ነበር ወይ? ብላ ራሷን ትጠይቃለች። መልሱን ስለምታውቀው መብራቱን ታበራለች።