ከወደቅሽበት ድንጋይ በስተግራ

በናሙና ክፍሉ መደርደሪያ ላይ የደረቁ እንጉዳዮች በየካርቶናቸው ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ካርቶን የእንጉዳዩን ስምና የተለቀመበትን ቦታ የያዘ ወረቀት ተለጥፎበታል። ስም የሌላት አንዲት ብቻ ናት፤ ቁጥር ሁለት መቶ አስራ ሁለት። በወረቀቷ ላይ «ቦታ» ከሚለው ፊት ለፊት፣ በክፍሉ ኃላፊነት ለዓመታት የቆየችው ሴትዮ ሟች ባለቤት በእጁ «ከወደቅሽበት ድንጋይ በስተግራ» ብሎ ጽፏል።

ለመሥሪያ ቤት መዝገብ እንዲህ ይጻፋል? ሰውየው ግን እንዲያ ነበር። ሲሄድ ዓይኑን ከመሬት ስለማይነቅል «ጎንበሴ» ይሉት ነበር፤ ሰላምታ የሚሰጠው ለጫማ ነው እያሉ ይስቁበት ነበር። እሷም አብራ ስቃለች። አሁን ያ የጎበጠ ጀርባ አንዴ ብቻ በበሩ ሲገባ ብታይ ያላትን ሁሉ በሰጠች።

ያቺ እንጉዳይ ማንም ያላወቃት አዲስ ዝርያ ናት ብሎ ይምል ነበር። አዲስ ከሆነች በስሙ ትጠራለች፤ ስሙም በመጽሐፍ ይቀራል። እሷ ከዚህ ሌላ የምትመኘው ነገር አልነበራትም። ችግሩ፣ ሲያገኛት ደርቃ ስለነበር ከቆቧ ሥር የሚረግፈው ዱቄት ቀለሙ አልታወቀም። ያለ ዱቄቱ ደግሞ ዝርያዋ አይለይም።

«እትዬ፣ የአካባቢያችን እንጉዳዮች መጽሐፍ በዚህ ወር ማተሚያ ቤት ይገባል» አላት ወጣቱ አዘጋጅ። «አይቆጡኝና፣ ትኩስ ናሙና ካልተገኘ ቁጥሯን ልንሰርዝ ነው። ይህ ድንጋይ የት እንዳለስ ማን ያውቃል?»

«የወደቀ ያውቃል» አለችው።

በማግስቱ ዝናቡ ሲያባራ ብቻዋን ወደ ጫካው ወጣች። ድንጋዩን አላጣችውም። ያኔ እዚያ አንሸራትቷት ስትወድቅ፣ ጎንበሴ እንኳን ሊያነሳት «እንዳትነቃነቂ! ከእጅሽ አጠገብ እንጉዳይ አለች!» ብሎ ጮኸና በሆዱ ተኝቶ እንጉዳይዋን ያይ ጀመር። ሦስት ቀን አኮረፈችው። ያ የመጨረሻ ክረምታቸው ነበር፤ አሁን እነዚያ ሦስት ቀናት አንገበገቧት።

ከድንጋዩ በስተግራ አራት እንጉዳዮች በቅለዋል። አንዷን ቆርጣ ወደ ናሙና ክፍሉ አመጣች። የእንጉዳይዋን እግር ከቆቧ ለየችና፣ ቆቧን ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ደፍታ፣ ዱቄቱ ሌሊቱን እንዲረግፍ ብርጭቆ ከደነችባት። ዱቄቱ ነጭ ከሆነ ጎንበሴ ልክ ነበር። ቡናማ ከሆነ ግን በየመንገዱ ዳር የምትበቅለው ተራዋ እንጉዳይ ናት፤ ፀሐይ መልኳን የለወጠባት።

«አደራሽን» አለቻት፣ እንጉዳይ የሚሰማ ይመስል።

ጠዋት ብርጭቆውን አነሳች። በነጩ ወረቀት ላይ ቡናማው ዱቄት ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ቁጭ ብላ አለቀሰች። በክፍሉ ማንም አልነበረም፤ ወረቀቱን ቀድዳ ብትጥል፣ ነጭ ነበር ብትል፣ ቃሏን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን «ያየሽውን እንጂ የተመኘሽውን አትጻፊ» እያለ ዕድሜ ልኳን ያሰለቻት ራሱ ጎንበሴ ነው። እስክሪብቶ አነሳችና በካርቶኗ ወረቀት ላይ የተራዋን እንጉዳይ ስም ጻፈች።

አዘጋጁ ሲያነብ ፊቱ ጠየመ። ከዚያ ጣቱን ቦታው የተጻፈበት ላይ አሳረፈ።

«ይህንንስ ላርመው እትዬ? አቅጣጫና ኪሎ ሜትር ነው የሚጻፈው።»

«ከሥሩ ጨምርበት። እሱ የጻፈውን ግን አትንካብኝ» አለችው። «ጎንበሴ ዕድሜውን ሙሉ ለእኔ የጻፈው ደብዳቤ ይህቺ አንድ መስመር ብቻ ናት።»