የአፀደ ማድያት

ደምሰው የመስከረም ፈቃዱን ጨርሶ ወደ ናቅፋ ግንባር ከተመለሰ ወዲህ ለሚስቱ ለአፀደ ደብዳቤ አልጻፈም። በጥቅምት የወር አበባዋ ቀረ፤ ጉንጮቿም ጠቆሩ። አብረዋት የሚኖሩት አማቷ ወይዘሮ አረጋሽ፣ "ማድያት ነው፤ ፀንሰሻል" ብለው ደስታቸውን አልቻሉትም። አፀደም አመነች።

ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትመረመር ነርሷ፣ "ማድያትስ ነው" አለቻት። "ግን ማድያት የፊት ቆዳ መጥቆር እንጂ እርግዝና ማለት አይደለም። ፀሐይም ያመጣዋል። አላረገዝሽም።"

"የወር አበባዬስ?"

"ጭንቀትም ያስቀረዋል።"

ላፍቶ ድረስ በእግሯ ተመለሰች። አማቷ ከአሮጌ ነጠላ የሕፃን መጠቅለያ እየሰፉ ነበር።

"ምን አሉሽ ልጄ?"

"ደህና ነሽ አሉኝ።"

ዛሬን እንኳ ደስ ብሏቸው ይስፉ ብላ ተወቻቸው። ጓዳ ገብታ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።