ለጥ ያለው መስመር

ዶክተሯ የአክስቷን ቃል ታምናለች። አክስቷ ሲያማቸው እንኳ «ደህና ነኝ» የሚሉ፣ ነገር ማጋነን የማያውቁ ሴት ናቸው። እሳቸው አዲሱን ኪኒን ውጠው ልባቸው ከደረታቸው ሊወጣ ደረሰ ካሉ፣ ደርሷል ማለት ነው።

ሥራ ቦታዋ ያለው የልብ ምት ሥዕል ግን ሌላ ይናገራል። አክስቷን ጨምሮ መድኃኒቱ የሚሞከርባቸው በሽተኞች ሁሉ ደረታቸው ላይ የልብ ምት መመዝገቢያ ተለጥፎላቸው ነበር። የሁሉም ተደምሮ አማካዩ ሲወጣ ግን ስክሪኑ ላይ የታየው ለጥ ያለ መስመር ነው፤ መሃሉ ላይ ትንሽ አበጥ ከማለቱ በቀር ምንም የለበትም።

ስሌቱን የሠራው የስታቲስቲክስ ባለሙያው ነው። ቀኑን ሙሉ ትንፍሽ ስለማይል ባልደረቦቹ «ራዲዮ» ይሉታል። ዶክተሯ ያን ሰሞን ዓይኗን ከሱ ላይ አላነሳችም። ከመድኃኒት ፋብሪካው ሰው ጋር ኮሪደር ላይ ቆሞ ሲስቅ አይታዋለች። ራዲዮ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚስቀው? እሷ ስትገባም ስክሪኑን ያጠፋል። ነገሩ አልጥም አላት።

በመጨረሻ በሩን ዘግታ ፊቱ ቆመች።

«የአክስቴን የልብ ምት የት አደረስከው?»

«እኔም እኮ አንቺን ልጠይቅሽ ነበር» አላት።

መረጃው እሱ ዘንድ የሚደርሰው በእሷ እጅ አልፎ ነው፤ መድኃኒቱ ይጽደቅ ብላ ስትሟገት የከረመችውም እሷ ናት። በሽተኞች ለሱም ያንኑ ስሞታ ነግረውት ስለነበር፣ ዝላዩን ከመረጃው የሰረዘችው እሷ መስላው ሥራውን ይደብቃት ኖሯል።

ሁለቱም አፈሩ፤ አንዳቸውም ግን ሌላውን አላመኑም። ጎን ለጎን ተቀምጠው የእያንዳንዱን ሰው መስመር ለየብቻ ከፈቱ። የአክስቷ ልብ ጠዋት ኪኒኑን እንደዋጡ ሽቅብ ጋልቧል። የአንድ ሹፌር ከምሳ በኋላ፣ የአንዲት አስተማሪ ወደ ማታ። የሁሉም ዘሏል፤ አንድ ላይ ግን አልዘለለም። የአንዱ ሲጋልብ የሌላው ረግቶ ስለነበር፣ አማካዩ ዝላዩን በትኖ አሳንሶታል።

ራዲዮ አንዱን መስመር ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ እየጎተተ ዝላያቸውን አናት ለአናት አጋጠመና አማካዩን እንደገና አወጣ። ስክሪኑ ላይ ተራራ ቆመ።

«ማንም አልነካውም ማለት ነው» አለች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። የየሰውን ሰዓት ሳላስተያይ ደመርኩት።»

እሱ ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ፣ ዶክተሯ የአክስቷን መመዝገቢያ ከመሳቢያ አውጥታ ስክሪኑ ላይ ካለው መስመር ጋር ራሷ አመሳከረች። አንድ ነው።

ሙከራው በዚያው ሳምንት ቆመ፤ አክስቷም ኪኒኑን ተዉ። ሁለቱ ዛሬም አብረው ይሠራሉ። ከዚያ ወዲህ ግን አንዱ የሠራውን ሁሉ ሳይጠየቅ ለሌላው ይልካል፤ ተቀባዩም ሁሌ ከፍቶ ያየዋል።