የውሰት ፍሪጅ

ስምንት ወር ሙሉ የመረጥናቸውን የምክር ቤት አባል በስልክ ስጨቀጭቅ ኖርኩ። ሰኞ በመጣ ቁጥር እደውላለሁ፤ ጸሐፊያቸው ታነሳለች። መጀመሪያ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ትለኝ ነበር፤ በኋላ ስለ ጉልበቷ ሕመም ታማክረኝ ጀመር፤ በመጨረሻ "እህቴ፣ ሐሙስ ይመጣሉ" አለችኝ። ነርስነቴን ረስቼ በጤና ጣቢያው ኮሪደር ዘለልኩ።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የክትባት ፍሪጅ። የእኛው ከሞተ ወዲህ ክትባት የሚመጣልን መንገዱ ሲደርቅ ብቻ፣ በበረዶ ሳጥን ነው። የታናሽ እህቴ ሕፃን እንኳ ሦስት ጊዜ መጥታ ሳትከተብ ተመልሳለች። የነርስ ዘመድ ሆና! ማዶ መንደር ኩፍኝ ገባ ሲባልማ ሰኞን መጠበቅ አቃተኝ።

ሐሙስ ጠዋት ስገባ ጉድ ጠበቀኝ። ኃላፊያችን "ገመናችንን ለእንግዳ አናሳይም" ብሎ ከጎረቤታችን ባለሱቅ ፍሪጅ ተውሶ፣ ነጭ ጨርቅ አልብሶ ገትሮታል። አፌን ሳልከፍት መኪናው ደረሰ።

እንግዳው ዞር ዞር ብለው አዩ። "ፍሪጅም አላችሁ! ታዲያ ይቺ ነርስ ምን ጎደለኝ ብላ ነው መድረሻ ያሳጣችን?"

ኃላፊያችን ፈገግ አለ። ብናገር አለቃዬን ማዋረድ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ የእህቴ ልጅ አለች።

"ክቡርነትዎ፣ እስቲ ይክፈቱት" አልኩ።

ከፈቱት። ከላይ እስከ ታች ለስላሳ መጠጥ!

ይሄኔ ባለሱቋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ብቅ አለች። "እናንተ ሰዎች፣ ጉብኝቱ አላለቀም እንዴ? ደንበኞቼ 'ቀዝቃዛ አምጪ' እያሉ ቁም ስቅሌን አሳዩኝ እኮ!"

ኃላፊያችን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እንግዳው ግን በሳቅ ፍርስ አሉ። እንባቸውን ጠርገው፣ ኮታቸውን አውልቀው የፍሪጁን አንድ ጎን ያዙ፤ ሌላውን እኔና ኃላፊያችን። ጭቃውን እያቦካን ሱቁ ድረስ ተሸከምነው።

"የሚቀጥለውን የምንሸከመው ወደናንተ ነው" አሉኝ እያለከለኩ።

ቃላቸውን ጠበቁ፤ እኔም የሰኞ ስልኬን አላቋረጥኩም። አዲሱ ፍሪጅ ሥራ የጀመረ ዕለት እህቴ ልጇን ታቅፋ አንደኛ ተሰለፈች። መርፌው ሲነካት ሕፃኗ አገሩን በጩኸት አናጋችው። እኔ፣ ኃላፊያችን፣ ባለሱቋ ሳትቀር አጨበጨብን።

"ልጄ እያለቀሰች ምን ያስፈነድቃችኋል?" ብላ ተቆጣች እህቴ፤ ከዚያ ራሷም እየሳቀች አለቀሰች።