የጠፋው ለምጽ

«ይሄ ማነው?» አለች ያለምዘውድ።

ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ደምመላሽ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ እንዳመቻቸ ቀና ብሎ አያት።

«እማማ፣ ፍሬምናጦስ ነዋ! ቅዳሜ አዳራሽ የሚታየው የመታሰቢያ ቪዲዮ ነው። መጀመሪያ እርስዎ ይዩት ብዬ…»

«ልጄንማ አውቀዋለሁ። ይሄ ማነው ነው የምልህ!»

ስክሪኑ ላይ አንድ ሰው ይስቃል። ጥርሱ የፍሬምናጦስ ነው፤ ሸሚዙም ራሷ የተኮሰችለት ሰማያዊ ሸሚዝ። ፊቱ ግን እንደ ተላገ ጣውላ ልስልስ ብሎ አንድ ወጥ ጠይም ሆኗል። ከግራ ዓይኑ ሥር ተነስቶ እስከ ከንፈሩ ጥግ የሚወርደው ለምጽ የለም።

ልጇ ከሞተ አራተኛ ቀኑ ነው። ካምቤል በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ሰርግ ሲቀርጽ ካሜራውን እንደያዘ ወድቆ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ኦክላንድ ያለው አፓርታማቸው ሰው አልተለየውም። ያለምዘውድ ለቅሶም ላይ ሆና ሐሳብ አያጣትም፤ የላፕቶፑ ገመድ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቶ አንዱን ሽማግሌ ጠልፎ ሊጥል ነው፣ የልጅ ልጇ ሳሌም ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፣ የታችኛው ፎቅ ሰውዬ በእግር ኮቴው ብዛት የሕንጻውን ማኔጀር ሊጠራ ነው። አሁን ግን ሁሉም ከሐሳቧ ወጣ።

«ፊልተር ነው፣ እማማ» አለ ደምመላሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሳን ሆዜ ባለችው አንድ ክፍል ስቱዲዮ ከፍሬምናጦስ ጋር ስምንት ዓመት አብሮ ሠርቷል። «ቆዳ ያስተካክላል። ለሙሽሮችም እናደርገዋለን።»

«ልጄ ሙሽራ ነው? ምኑ ነው የሚስተካከለው?»

ከኤል ሴሪቶ የመጣችው የዕድር ጓደኛዋ እታገኝ አጠገቧ ወዳለችው ሴት ጠጋ ብላ፣ «እንኳን አጠፉለት። አምሮበት ቢሸኝ ምን አለበት?» ስትል ተሰማች።

«እታገኝ! ሰምቼሻለሁ። ልጄ ነው የሞተው፣ ጆሮዬ አልሞተም። አላማረበትም ነበር ያለሽ ማነው?»

«ኧረ በስመ አብ! እኔ እንደሱ አልወጣኝም፣ እትዬ። ሰው እንዳያወራ ብዬ ነው።»

«ሰው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው እንዳያወራ!»

ተናግራ ሳትጨርስ የገዛ ቃሏ ወጋት። ለምጹ የወጣበት በዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ያን ጊዜ «ሰው ያወራል» ያለችው ራሷ ነበረች። ፎቶ ቤት ስትወስደው አገጩን ይዛ ፊቱን ታዞረዋለች፤ «በቀኙ በኩል አንሳው» ትላለች ፎቶ አንሺውን። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትልከዋለች። ልጁም አደገና ካሜራ ያዘ። ካሜራ የያዘውን ማን ይቀርጸዋል?

ሳሌም ከሶፋው ጀርባ ብቅ አለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ስክሪኑን ጥቂት አየችና፣ «ዛትስ ኖት ማይ ዳድ» አለች፤ አባቴ አይደለም ማለቷ ነው።

ሕፃን ሳለች አባቷ ደረት ላይ ተጋድማ የለምጹን ጠርዝ በጣቷ እየተከተለች ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት።

«ሰማህ?» አለች ያለምዘውድ ወደ ደምመላሽ ዞራ። «ቅዳሜ የመጣው እንግዳ በልቶ ይሄዳል። ይሄን ቪዲዮ ዕድሜዋን ሙሉ የምታየው እሷ ናት። የማታውቀውን ሰው አባትሽ ነው ልትላት ነው? ማን ፈቀደልህ? ማነው ይሄን የሠራው?»

ደምመላሽ አንገቱን ደፋ።

«ተናገር እንጂ!»

«እሱ ነው፣ እማማ።»

«ማን እሱ?»

«ፍሬምናጦስ። ፊልተሩን የሠራው እሱ ራሱ ነው፤ በራሱ ፊት ልክ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሴቭ ተደርጎ አገኘሁት። ስሙን ‹ለእማዬ› ብሎታል። እኔ ደግሞ… ፈቃዱ መስሎኝ ነው።»

ያለምዘውድ ወዲያው ገባት። እሷ ገና አዲስ አበባ ሳለች፣ በሁለት ሺህ ዘጠኝ በፈረንጆቹ፣ ፍሬምናጦስ ራሱን የቀረጸበት ዲቪዲ በመንገደኛ ይልክላት ነበር። አንዱ ዲስክ ላይ ፊቱ ከለምጹ ጠርቶ ታያት። ዳንኩ አላለም፤ ስለ ፊቱ አንድም ነገር አላነሳም። እሷ ግን ጸሎቴ ደረሰ ብላ እልል አለች፤ ስለቷን ጃንጥላ ገዝታ ለቤተ ክርስቲያን አስገባች። ከሦስት ዓመት በኋላ አውሮፕላን ማረፊያ አበባ ይዞ ሲቀበላት ለምጹ እንኳን ሊጠፋ አንገቱ ላይ ደርሷል። ገና ሳትስመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አታለልከኝ!» አለችው። እሱ እቅፍ አድርጎ፣ «ስልክ ባነሳሽ ቁጥር ስለ ፊቴ ታለቅሻለሽ፣ እማዬ። አንድ ቀን እንኳ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው» አላት። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንስተው አያውቁም።

«ለእኔ!» አለች አሁን። ቁጣዋ ደምመላሽን ለቀቀ፣ እታገኝንም ለቀቀ፤ የሚያርፍበት አጣ። «ሌላ እናት ብትኖረው ኖሮ ይሄን ባልሠራ ነበር።»

«ተይ እንጂ፣ እትዬ» አለች እታገኝ።

«አትከልክይኝ! አንሳው፣ ደምመላሽ።»

«ትንሽ ልቀንሰው፣ እማማ? ግማሽ ላይ ቢሆን ቀለል ብሎ…»

«ግማሽ ልጅ አልወለድኩም። ዜሮ አድርገው!»

ደምመላሽ ስክሪኑ ጥግ ያለችውን የፊልተሩን መጠን የምትለውጥ ነጥብ ይዞ ወደ ግራ ጎተታት። ሰማንያ። ስድሳ። የዓይኑ ሥር መንጣት ጀመረ። አርባ ላይ የጉንጩ ጠርዝ ወጣ፤ ግንባሩ ላይ ያሉት መስመሮችም ተመለሱ፣ ቅዳሜና እሑድ ሌሊቱን ሙሉ ሰርግ ቤት ቆሞ የማደሩ ድካምም ከነሱ ጋር። ዜሮ ሲደርስ ነጩ ከንፈሩ ጥግ ገባ፤ ፍሬምናጦስም መሳቁን ቀጠለ።

«ፊልተሩንስ ዲሊት ላድርገው?»

ያለምዘውድ ራሷን ነቀነቀች። «ተወው። የእጅ ሥራው ነው። እዚያው ይቀመጥ፣ ማንም ላይ ግን አታድርገው።»

ሳሌም ሶፋውን ዞራ መጥታ ከአያቷ አጠገብ ተሸጎጠች። ያለምዘውድ አውራ ጣቷን ምላሷ ላይ አስነክታ፣ እናት የልጇን አፍ እንደምትጠርግ፣ እጇን ከንፈሩ ጥግ ወዳለው ነጭ ዘረጋች። ስክሪኑን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ቀስ ብላ መለሰችው፤ ከጭኗ ሥር አስገባችና ተቀመጠችበት።